ሽልማት፣ ወሰንና ተመስጦ፦ ከነቀምቴ የጨዋታ ቤቶች የተነሣ ሂስ

ጨዋታ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ የባሕል ሀብት መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ዛሬ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ላይ የምናየው የቪዲዮ ጨዋታ እንደ ቴያትር፣ እንደ ሥዕልና እንደ ልብ ወለድ የሂስ ዓይን ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሚነጥቅ የሥራ ፈት ቤት አድርገው ያዩታል። ወላጆች የሳንቲም ማባከኛ ይሉታል። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጨርሶ አያነሡትም። ወቀሳው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ይዘቱንና ቅርጹን ሳይመረምሩ አንድን ነገር መኮነንም ሆነ ማወደስ የሂስ ወግ አይደለም። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ከቪዲዮ ጨዋታ ባሕርያት መካከል ሁለቱን፣ ማለትም ሽልማቱንና ወሰኑን መርጦ፣ ሁለቱ በተጫዋቹ ተመስጦ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለመመርመር ይሞክራል።

«የማሽኑ ነው»

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ነቀምቴ፣ እንደ ሌሎቹም የወለጋ ከተሞች፣ ወጣቶች «ጌም ቤት» የሚሏቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር፤ የቤቱ ዕቃ ይኸው ነው። ቀድሞ ጆተኒና ከረምቦላ ይዘውት የነበረውን ቦታ የወረሱት እነዚህ ቤቶች ናቸው። ሂሳብ የሚከፈለው በግጥሚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ጨዋታ እግር ኳስ ሲሆን፣ የቤቱም ሕግ ከእግር ኳስ ሕግ ይልቅ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ እንደተቀመጠ ተረኛውን ይጠብቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመናኸሪያው አቅራቢያ ባለ አንድ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተቀምጦ ተመልክቷል። ዕድሜው ከአሥራ አምስት የማይበልጥ ልጅ ከማዕዘን የተሻገረለትን ኳስ በግንባሩ አስቆጠረ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። በዚያው ቅጽበት ከቴሌቪዥኑ ጥግ አንዲት ትንሽ የዋንጫ ምልክት ከደወል ድምፅ ጋር ብቅ ብላ ጠፋች።

«ምን ተሸለምክ ልጄ?» ሲል የጽሑፉ አቅራቢ ጠየቀው።

«እኔ አይደለሁም ጋሼ፤ የማሽኑ ነው» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ።

ነገሩ እውነት ነበር። በማሽኑ ውስጥ የተመዘገበው ስም የቤቱ ስም ነው። ማንም ያግባ ማን፣ ዋንጫው የሚጻፈው በዚያው በአንዱ ስም ሥር ነው። ልጁ የራሱ አድርጎ የቆጠረው ሽልማት ሌላ ነበር። አራት ተረኛ በተከታታይ አስነሥቶ አምስተኛውን ሲጠብቅ፣ ጓደኞቹ በኦሮምኛም በአማርኛም እያደባለቁ ስሙን ይጠሩት ነበር። ወንበሩ የእሱ ነበር፤ የዕለቱ ማዕረጉም ያ ወንበር ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ከሁለቱ ሽልማቶች አንዱ ልጁን ይበልጥ ወደ ጨዋታው ሲያስገባው ሌላው ምንም ሳይመስለው ያለፈው ስለ ምንድን ነው?

ተመስጦ ሲባል

ተመስጦ የሚለው ቃል ከጸሎትና ከዜማ ጋር ተቆራኝቶ የኖረ ነው። ሰው በአካሉ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ልቡ ተነጥቆ ሌላ ዓለም ሲገባ ተመሰጠ እንላለን። የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሆይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 «ሆሞ ሉደንስ» በተሰኘ መጽሐፉ ጨዋታ የራሱ ስፍራ፣ የራሱ ጊዜና የራሱ ሕግ ያለው፣ ከዕለት ኑሮ በክበብ የተከለለ ዓለም መሆኑን አስረድቷል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይም እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት ተራራ የሚወጡ፣ ቼዝ የሚጫወቱና የሚደንሱ ሰዎችን መርምሮ ተመስጦ የሚወለድበትን ሁኔታ ለይቷል። ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት ምላሹ ወዲያው ሲታይ፣ ፈተናውና ችሎታው ሲመጣጠኑ፣ ሰው ራሱን ይረሳል።

የሂሳችን ቁልፍ ይኸው ራስን መርሳት ነው። ነገሩን በቴያትር እናስረዳው። አንድ ተዋናይ በመድረክ ላይ በልጁ አስከሬን ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ ሳለ፣ ከአዳራሹ አንድ ሹም ተነሥቶ «አሥረኛ ልቅሶህን በሚገባ ስለ ፈጸምህ» ብሎ የምስክር ወረቀት ቢሰጠው ምን ይሆናል? ምስጋናው ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱም ማኅተም ይኑረው። ሆኖም አባትየው በዚያች ቅጽበት ሞቷል፤ መድረኩ ላይ የቀረው ደመወዝተኛ ተዋናይ ብቻ ነው። ተመልካቹም ከዚያች ቅጽበት በኋላ ልቅሶውን መቁጠር ይጀምራል እንጂ አብሮ አያለቅስም።

ከላይ የሚመጣ ሽልማት

የቪዲዮ ጨዋታ ከጥንቱ ውጤት ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከፍተኛውን ነጥብ ከመስታወቱ አናት ላይ ያሳይ ነበር። ያ ነጥብ ግን የዚያ ማሽንና የዚያ አዳራሽ ነው፤ ልክ እንደ ነቀምቴው ወንበር በጎረቤት ፊት የተገኘ፣ በጎረቤት ሊነጠቅ የሚችል ክብር ነበር። ዛሬ «አቺቭመንት» የሚባለው የክንውን ሽልማት በሰፊው ሥርዓት የያዘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ኤክስቦክስ 360 ገበያ ላይ ሲወጣ ነው። ሶኒ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ለፕሌይስቴሽን 3 የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ዋንጫዎችን፣ በላያቸውም ፕላቲኒየሙን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ሽልማቱ የጨዋታው ሳይሆን የመዝገቡ ሆነ። ተጫዋቹ አንዱን ጨዋታ ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር መዝገቡ ይከተለዋል።

ይህ በተመስጦ ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት አንድ የታወቀ ሙከራ መጥቀስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን «ብትሥሉ ባለ ሪባንና ባለ ወርቅ ማኅተም የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» የሚል ተስፋ ተሰጠ። ሁለተኛው ሳያስበው ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሕፃናቱ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ አስቀድሞ ተስፋ የተሰጣቸው ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ከዚህ የምንረዳው ጉዳቱ ከሽልማቱ ሳይሆን ከውሉ መሆኑን ነው። «ይህን ብታደርግ ይህን ታገኛለህ» የተባለ ልጅ ደስታውን ወደ ሥራ፣ ሥራውን ወደ ሂሳብ ይለውጣል። ማርክ የሚሰጥ መምህርም፣ የኪነት ቡድኖችን ለዋንጫ የሚያወዳድር ሹምም ይህን ሙከራ ቢያስበው አይከፋም።

የሽልማት ዝርዝር በጨዋታው መግቢያ ላይ ሲለጠፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። መቶ ሳጥን የሚፈልግ ተጫዋች መልክዓ ምድሩን አያይም፤ ሳጥን ያያል። አሳዛኙን ትዕይንት ዳግመኛ የሚያልፈው ስላዘነ ሳይሆን ስለጎደለው ነው። ይህን የተረዱ ንድፍ ሠሪዎችም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ዘ ስታንሊ ፓራብል» ከሽልማቶቹ አንዱን ጨዋታውን ለአምስት ዓመት ላልነካ ሰው አድርጎታል። ምጸቱ ግልጽ ነው፤ መዝገቡን የምታገለግል ከሆነ ጨዋታው ባይኖርም ግድ የለህም ማለቱ ነው። በአንጻሩ ሽልማት ተጫዋቹን ወዳላስተዋለው መንገድ ሊመራ፣ ተስፋ የቆረጠውንም ሊያበረታታ እንደሚችል መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የእኛ ተቃውሞ ሽልማቱ ከጨዋታው ዓለም ውጭ ሆኖ፣ ከተጫዋቹ ራስ በላይ ሲናገር ነው።

ለወለጋ ተጫዋች ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። መዝገቡ ገጽ አላዘጋጀለትም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ በኔትወርኩ አባልነት እንዲመዘገቡ አስገዳጅ ለማድረግ በሞከረ ጊዜ፣ አገልግሎቱ በይፋ በማይሰጥባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ጨዋታው ከሽያጭ ወጥቶ ነበር። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት፣ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ይሞታል፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚጫወተው ግን መብራት እስካለ ድረስ ይኖራል። ከዚህ ተነሥቶ «እንኳንም ተገለልን፣ ተመስጧችን ተጠበቀልን» ማለት ግን ራስን መሸንገል ነው። መገለል መገለል ነው። ልጁ «የማሽኑ ነው» ማለቱ ከንቀት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በዚያ መዝገብ ስሙ እንደማይጻፍ ስለሚያውቅም ነው።

ወሰን እንደ ሕግ፣ ወሰን እንደ ውሸት

ሁለተኛው ጉዳያችን የንድፍ ወሰን ነው። ብዙ ሰው ወሰን ሁሉ የተመስጦ ጠላት ይመስለዋል። ማሽኑ ኃይለኛ፣ ሥዕሉ ከእውነተኛው ዓለም የማይለይ፣ ሜዳው ዳርቻ የሌለው ቢሆን ኖሮ ተጫዋቹ ጨርሶ በተመሰጠ ነበር ይባላል። ታሪኩ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው።

በ«ስፔስ ኢንቬደርስ» የጠላት መርከቦች ቁጥራቸው በቀነሰ መጠን እየፈጠኑ ይመጣሉ። ይህን የልብ ምት የሚያስጨምር ፍጥነት የወለደው የማሽኑ ድካም ነው። ብዙ መርከብ ሲሥል ይዘገይ የነበረው ማሽን ጥቂት ሲቀሩት ይቀለው ነበር፤ ንድፍ ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶም እንዳለ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ አሌክሲ ፓዢትኖቭ «ቴትሪስ»ን የፈጠረበት ኤሌክትሮኒካ 60 ኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ጡቦቹን በቅንፍ ምልክቶች ሠራቸው። ለዓለም የተረፈው ያ ድህነት የወለደው ንጹሕ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ሳይለንት ሂል» ደግሞ ማሽኑ ሩቅ ያለውን መሣል ስላቃተው ከተማውን በጭጋግ ሸፈነው፤ ጭጋጉም የፍርሃቱ ምንጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ጆርኒ» ችሎታ ሳያንሰው በፈቃዱ ራሱን ወሰነ። በበረሃ ላይ የሚገናኙ ሁለት እንግዶች ከአንዲት የዜማ ድምፅ በቀር መነጋገር አይችሉም፤ አብሮ ተጓዡ ማን እንደ ነበረ የሚታወቀውም በመጨረሻ ነው። ቋንቋ ስለተከለከሉ ይተሳሰባሉ።

እንግዲህ ተመስጦን የሚያፈርሰው የትኛው ወሰን ነው? የሚዋሸው ወሰን ነው። በር ሆኖ የተሣለና የማይከፈት ግድግዳ፣ ክፍት ሜዳ መስሎ ተጫዋቹን የሚያቆም የማይታይ አጥር፣ ሕዝብ ተብሎ አንድ ፊት ሺህ ጊዜ የተባዛበት ስታዲየም፤ እነዚህ ሁሉ «ትችላለህ» ብለው ይጠሩና «አትችልም» ብለው ይመልሳሉ። ወሰኑን እንደ ሕግ አስቀድሞ የነገረን ጨዋታ ግን አልዋሸንም። የገበጣ ተጫዋች «ከገበጣው ውጭ ለምን አልዘራም?» ብሎ አያውቅም። ወሰኑ ጨዋታው ራሱ ነው።

በነቀምቴው ቤት ይህን የሚያስረዱ ሁለት ነገሮች ታይተዋል። የመጀመሪያው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የእግር ኳሱ ጨዋታ ተንታኝ በእንግሊዝኛ የሚደጋግማቸው ዐረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ኦሮምኛም አማርኛም አያውቅም። ልጆቹ ድምፁን ይቀንሱና ከተመልካቾቹ አንዱ ተንታኝ ይሆናል። እሱም ሰፈሩን፣ ገበያውን፣ የተሸናፊውን አባት ሙያ ሳይቀር እየጨመረ ሲናገር፣ በመስታወቱ ላይ ያለው የአውሮፓ ሜዳ ቀስ በቀስ የወለጋ ሜዳ ይሆናል። ንድፍ ሠሪው የተወውን ክፍተት ተመልካቹ በጥበብ ሞላው። ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ተመስጦው በአንዴ ይሰበራል፤ ጠብም ይከተላል። ቤቱ ለዚህ የራሱን ሕግ አውጥቷል። ከእረፍት በኋላ ከጠፋ እየመራ የነበረው እንዳሸነፈ ይቆጠራል፤ ከእረፍት በፊት ከሆነ ግጥሚያው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ እየመራ ያለ ልጅ ጣራውን፣ እየተመራ ያለው ደግሞ ሰዓቱን ያያል። ከውጭ የመጣ እንከን በኅብረት ስምምነት ወደ ውስጥ ገብቶ የጨዋታው አካል ሆነ ማለት ነው።

«አገር ስጠኝ»

ከዚህ በላይ ያየነውን በአንድ ማሰሪያ ለማሰር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁላችንም በልጅነታችን በምድጃ ዙሪያ የተጫወትነው እንቆቅልሽ አለ። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተጠያቂው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው ካልጣመው «አልፈልግም፣ ሌላ ጨምር» ይላል፤ ከጣመው አገሩን ተቀብሎ፣ እዚያ ሄዶ ያየውንና የበላውን እያወራ መልሱን ይገልጣል። በወለጋም «ሂቦ» በሚባለው የኦሮምኛ እንቆቅልሽ ያላወቀ አገር ይሰጣል። የኦሮሞን የቃል ሥነ ጽሑፍ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ያሳተሙት፣ በኋላም በነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብና ከእሳቸው ጋር የደከመችው አስቴር ጋኖ፣ እንዲህ ያለው የቃል ሀብት በጽሑፍ የሚከበር ጥበብ መሆኑን ከመቶ ዓመት በፊት አስመስክረዋል።

የእንቆቅልሹን ሽልማት እናስተውል። አገሩ ለማንም አይታይም፤ ከምድጃው ሲነሡም ይቀራል፤ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ነገር ግን ሽልማቱ ጨዋታውን አያቋርጥም። ይልቁንም አዲስ ዓለም ይከፍትለታል፤ ተሸላሚው የሚያስመሰግነውም የተሰጠውን አገር በቃል ሥሎ በማሳየቱ ነው። ወሰኑም እንዲሁ ነው። ዕቃ የለም፣ ሥዕል የለም፣ ብርሃኑም የምድጃ ብርሃን ነው። በዚህ ድህነት ውስጥ ተቀምጦ ሕፃኑ ጎንደርን ያያል። እንግዲህ መለኪያችን ይህ ነው፤ ሽልማትም ሆነ ወሰን ከጨዋታው ዓለም ውስጥ ሆኖ ከተናገረ ተመስጦን ያጠልቃል፤ ከውጭ ሆኖ ከጠራ ተጫዋቹን ያወጣዋል።

ለአገራችን ንድፍ ሠሪዎች

ይህ መለኪያ ለትችት ብቻ የሚውል አይደለም። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ አቅርቧል። የአገር ልጅ በአገር ጨዋታና በአገር መልክ መሥራቱ የሚያስመሰግን ነው። ገንቢ ሂስ ግን ከምስጋና ማለፍ አለበት። «ኩኩሉ» ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ያለማቋረጥ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ቴምፕል ራን»፣ በ2012 ደግሞ በ«ሰብዌይ ሰርፈርስ» በዓለም የታወቀ ነው። በሩጫ ጨዋታ መልክዓ ምድሩ ወደ ኋላ የሚሸሽ መጋረጃ ነው፤ ዓይን የሚያርፈው በሚመጣው እንቅፋትና በሚጨምረው ቁጥር ላይ ነው። ስሙ ግን ለእኛ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በሰፈራችን ኩኩሉ ማለት ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ» ሲል የሚደበቁት «አልነጋም» እያሉ የሚመልሱበት ጨዋታ ነው። እዚያ የጨዋታው ነፍስ የተጨፈነው ዓይን፣ ማለትም ወሰኑ ነው። ሌሊቱን የሚያነጋው የተደበቁት ቃል እንጂ ቆጣሪ ማሽን አይደለም። ይህ ወሰን በስልክ ላይ ቢሠራ፣ ማለትም ተጫዋቹ ለጊዜው የማያይበትና በጆሮው ብቻ የሚከተልበት ጨዋታ ቢነደፍ፣ የትልልቆቹን ድርጅቶች የሥዕል ኃይል ሳንሻማ የራሳችን የሆነ ቅርጽ ባገኘን ነበር።

ገበጣም ቢሆን ሰሌዳው ወደ ስልክ ሲገባ ጥንቃቄ ይሻል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ገበጣ አንድ ጨዋታ ሳይሆን ከቦታ ቦታ ሕጉ የሚለያይ የብዙ ጨዋታዎች ቤተሰብ ነው። አንዱን ሕግ ብቻ ወስዶ በላዩ ደረጃና ኒሻን መደርደር ሀብቱን ያሳንሰዋል። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ኒሻን ከሚሰጠው ይልቅ የሌላ አካባቢ ሕግ ቢከፈትለት፣ ሽልማቱ «አገር ስጠኝ» ይሆን ነበር።

መምህራንም ጌም ቤቱን በጅምላ ከመኮነን አስቀድመው አንድ ከሰዓት በኋላ ገብተው ቢቀመጡ ብዙ ይማሩበታል። በክፍል ውስጥ ለአርባ ደቂቃ ልቡን መሰብሰብ አልቻለም የተባለው ልጅ፣ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕግ ሲያከብር፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ተሸንፎ ያለ ቅያሜ ሲነሣ ያገኙታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ማርክ ሳይጽፍለት ነው።

የጽሑፉ አቅራቢ ከቤቱ ሲወጣ መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ «ስንት ለስንት ነበር?» የሚል ጩኸት ተነሣ። ማሽኑ ጸጥ ብሏል፤ ዋንጫዎቹም አብረውት ጠፍተዋል። ውጤቱን ግን አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ያስታውስ ነበር። ባለ ወንበሩ ልጅም አልተነሣም፤ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ተረኛውን ይጠብቅ ነበር።